ዳንቴል፣ መርፌና መኪና፦ የሴቶች የውስጥ ልብስ ማስጌጫ አሰፋፍ ታሪክና ቃላቱ

ዳንቴል የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው በኪሮሽ በእጅ ተሠርቶ በጠረጴዛና በወንበር መደገፊያ ላይ የሚነጠፈው የክር ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በሜትር ተለክቶ የሚሸጠውና በቀሚስ፣ በትራስ ልብስ ወይም በሴት የውስጥ ልብስ ጠርዝ ላይ የሚሰፋው ጠባብ ጌጠኛ ጥብጣብ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ ቀሚስ የሚሰፋበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ጨርቅ ነው። በንግግር ጊዜ ይህ ችግር አያመጣም፤ ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ ከአገባቡ ይረዳል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ሦስቱን በአንድ ፍች ጠቅልሎ ማለፍ አይችልም፤ ሦስቱ የተሠሩበት መንገድ፣ የሠሯቸው እጆችና የተሠሩበት ዘመን የተለያዩ ናቸውና።

ይህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ ከሥራው ታሪክ ጋር አያይዞ ለመመልከት ይሞክራል። ሥራው የምንለው በሴቶች የውስጥ ልብስ ላይ ዳንቴልንና ሌላውን ማስጌጫ መግጠም፣ በተለይም ይህ ሥራ ከእጅ መርፌ ወደ ስፌት መኪና የተሻገረበትን መንገድ ነው። ጉዳዩ ለቋንቋ መጽሔት ያነሰ ሆኖ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁንና አንድ የእጅ ሥራ ወደ መኪና ሲሻገር የዕቃዎቹ ስሞች ከዕቃዎቹ ጋር ቶሎ ይገባሉ፤ የአሠራሩ ግሦች ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ከናካቴውም ይረሳሉ። በዚህ ሥራ ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደምንመለከተው፣ ዋጋው የነበረው በዕቃው ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስና ግንብ

ዳንቴል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሥሩ «ዳን» ማለትም ጥርስ ሲሆን፣ ዳንቴል በመጀመሪያ ፍቹ «ትንሽ ጥርስ» እንደ ማለት ነው። የቀደሙት የክር ጌጦች ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ሾል ሾል ያለ ስለ ነበረ ይህን ስም አገኙ። ጣሊያኖች ያንኑ ነገር «መርሌቶ» ይሉታል፤ የእነሱም ቃል የመጣው ከምሽግ ግንብ አናት ላይ ወጣ ገባ ከሆነው የድንጋይ ክምር ስም ነው። አንዱ ሕዝብ ጥርስ ያየበትን ጠርዝ ሌላው ግንብ አይቶበታል። አማርኛ መኪናን፣ ሙታንቲን፣ ካናቴራንና ካልሲን ከጣሊያንኛ ተቀብሎ ሳለ ለክር ጌጡ የፈረንሳዩን ስም መውሰዱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በአውሮፓ ይህ ሥራ በ16ኛው መቶ ዓመት በጣሊያንና በፍላንደርስ ሲያድግ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በመርፌና በአንድ ክር ብቻ ቋጠሮ በቋጠሮ እየተደራረበ የሚሠራው ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ክሮች በትናንሽ የእንጨት መጠቅለያዎች ላይ ተጠምጥመው፣ በትራስ ላይ በተተከሉ ስፒሎች ዙሪያ እየተሸረቡ የሚሠራው ነው። ኪሮሽ ከሁለቱም የተለየና ኋላ የመጣ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ትንሽ ሜንጦ» ማለት ሲሆን፣ በ1840ዎቹ አየርላንድ በረኃብ በተመታች ጊዜ ደናግል መነኮሳትና በጎ አድራጊ ሴቶች የቬኒስን የመርፌ ዳንቴል በኪሮሽ እያስመሰሉ መሥራትን ለችግረኛ ሴቶች አስተማሩ። የክሩ ጌጥ ስም ወደ ሜንጦው ሥራ የተላለፈውም እንዲህ ባለ ማስመሰል ነው። በእኛ አገር በልጃገረዶች የእጅ ሥራ ትምህርትና በየቤቱ የታወቀው ይኸው የኪሮሹ ሥራ ስለ ሆነ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ዳንቴል ሲባል አስቀድሞ የሚታየው የጠረጴዛው ልብስ ነው። ፈረንሳዊው ግን ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው ከቀሚስ ሥር ብቅ የሚለውን ጠርዝ ነው።

የውስጥ ልብስን በሚመለከትም ቃላቱ የሚነግሩን አለ። ፈረንሳዮች ለሴት የውስጥ ልብስ የሚሰጡት ስም «ሊን» ከሚለው፣ ማለትም ከተልባ ስም የወጣ ነው፤ ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ሁሉ ከተልባ ጭረት የተሸመነ ነበርና። እኛ ተልባን ለፍሬዋ እንጂ ለጭረቷ ስለማንዘራት ለጨርቁ የራሳችን ስም አልነበረንም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በዚያ ቦታ «በፍታ» አሉ። በፍታ ግን ከፋርስኛ የመጣ፣ ትርጓሜው «የተሸመነ» የሆነ፣ ከሕንድ ይነገድ የነበረ የጥጥ ጨርቅ ስም ነው። ስለዚህ የጥጡ ስም የተልባውን ቦታ ይዞ ቀረ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የሸሚዝና የቀሚስ ዝምድና ነው። የኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» ይለው የነበረው ከሰውነት ጋር የሚለበስ እጀ ጠባብ፣ አብዛኞቹ የሥርወ ቃል ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ በዐረብኛ «ቀሚስ»፣ በፈረንሳይኛ «ሸሚዝ» ሆኗል። አማርኛ የመጀመሪያውን በቀይ ባሕር በኩል ተቀበለና የሴት የውጭ ልብስ አደረገው፤ ሁለተኛውን ዘግይቶ ከአውሮፓ ተቀበለና የወንድ ልብስ አደረገው። በፈረንሳይኛ ግን ያው ቃል ዳንቴል የሚሰፋበት የሴት የውስጥ ልብስ ስም ጭምር ነበር። ወንድሙና እኅቱ ቤታችን ሲገቡ እንደማይተዋወቁ ሆነው ነው የገቡት።

ዳንቴሉ አስቀድሞ በመኪና መሠራቱ

ብዙ ሰው የስፌት መኪና መጥቶ የእጅ ሥራውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ተካ አድርጎ ያስባል። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ዳንቴልን የሚሠራው መኪና ዳንቴልን ከሚሰፋው መኪና በብዙ ዓመታት ይቀድማል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ በመኪና የተሠራ ዳንቴል በእጅ ይሰፋ ነበር።

እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት በ1808 እና በ1809 ባገኛቸው የፈጠራ መብቶች የትራሱን ዳንቴል መረብ የሚሠራ መኪና አወጣ። በ1816 ሰኔ ወር ላይ፣ መኪና እንጀራችንን ነጠቀን የሚሉ ሰዎች ሌሊት በላፍቦሮ የነበረውን ፋብሪካውን ሰብረው ገብተው 55 መኪናዎች ሰባበሩበት። ሂዝኮት ከዚያ በኋላ ሥራውን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለችው ወደ ቲቨርተን ከተማ አዛወረ። በዚያው በ1816፣ መኪናዎችን ከአገር ማስወጣት በእንግሊዝ ሕግ የተከለከለ ሳለ፣ የኖቲንግሃም ሰዎች የዳንቴል መኪና በስውር ባሕር አሻግረው በፈረንሳይ ጠረፍ በካሌ አጠገብ ተከሉ። የካሌ ዳንቴል ተብሎ በዓለም የታወቀው ዕቃ የተወለደው ከዚህ የኮንትሮባንድ ጉዞ ነው። ጆን ሊቨርስ በ1813 ያሻሻለው መኪና በኋላ ከዣካር የቀዳዳ ካርድ ጋር ተጣምሮ አበባውንና ቅጠሉን ሳይቀር ማውጣት ቻለ።

ሌላው መንገድ በጥልፍ በኩል የመጣው ነው። በስዊዘርላንድ በሳንክት ጋለን አካባቢ ኢዛክ ግሮብሊ በ1863 የፈለሰፈው የጥልፍ መኪና «ሺፍሊ» ተባለ፤ በአካባቢው የጀርመንኛ አነጋገር ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። ጀልባ የተባለው ክሩን ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው የመኪናው ክፍል ነው። የእኛ ሸማኔዎች ለዚሁ ሥራ ያላቸው ቃል «መወርወሪያ» ነው፤ ቅርጹን ሳይሆን ተግባሩን ስለሚናገር በእኔ አስተያየት ከጀልባው ይበልጣል። በ1880ዎቹ ደግሞ በዚህ መኪና በአንድ ጨርቅ ላይ ጠልፎ ጨርቁን በመድኃኒት አሟሙቶ በማጥፋት ጥልፉን ብቻ ማስቀረት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ዳንቴል የመሳፍንት ሚስቶች ብቻ የሚይዙት ሀብት መሆኑ ቀረ፤ የሱቅ ሻጭ ሴትም በሜትር ገዝታ በውስጥ ልብሷ ጠርዝ ላይ ታሰፋው ጀመር።

የቀጥታ ስፌት ወሰን

በስፌት መኪና በኩል ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞኒዬ በ1830 የሰንሰለት ስፌት የሚሰፋ መኪና መብት አገኘ፤ በ1831 መጀመሪያ ላይ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች የወታደር ልብስ ይሰፉ የነበሩትን 80 ያህል መኪናዎቹን ሰበሩ። አሜሪካዊው ኢላያስ ሃው በ1846 ቀዳዳዋ ከጫፏ አጠገብ የሆነች መርፌና ከሥር የምትመላለስ መወርወሪያ ያለው መኪና አስመዘገበ። የላይኛውና የታችኛው ክር በጨርቁ ውስጥ የሚቆላለፉበት ስፌት ከዚህ የመጣ ነው። አይዛክ ሲንጀር በ1851 መርፌዋን ቀጥ ብላ የምትወርድ፣ ጨርቁንም በብረት እግር የሚጫን መኪና አወጣ፤ ኩባንያው በ1856 መኪናን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። ሲንጀር የሚለው የሰው ስም በአማርኛ የመኪናው የወል ስም እስከ መሆን መድረሱ የዚህ አሻሻጥ ውጤት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዊለርና ዊልሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1860 ገደማ በእጅና በመኪና ስፌት መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሳተመ። የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ፤ የሴት የውስጥ ሸሚዝ በእጅ 10 ሰዓት ከ31 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ፤ የሴት የውስጥ ሱሪ በእጅ 4 ሰዓት ከ6 ደቂቃ፣ በመኪና 28 ደቂቃ፤ የሌሊት ልብስ በእጅ 10 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ይህ የሻጭ ወሬ ነውና ደቂቃውን በሙሉ ማመን አያስፈልግም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሠንጠረዡ የቆጠረው ምን እንደ ሆነ ነው። የቆጠረው ረጃጅምና ቀጥተኛ ስፌቶችን ነው፤ ጎንን፣ እጅጌን፣ የታች ጠርዝን።

ዳንቴል ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ጥሩ የውስጥ ልብስ የሚሠራበት ጨርቅ እጅግ ስስ ስለ ሆነ የተቆረጠ ጠርዙ ይተረተራል። ዳንቴሉም በአንድ ወገኑ ጠንከር ያለ ጭረት ይኑረው እንጂ የቀረው ቀዳዳ ነው፤ ቀጥታ የምትሄድ መርፌ አንዴ ክሩን ታገኛለች፣ አንዴ ባዶውን ትወጋለች። እጀ ብልኋ ሰፊ ታደርገው የነበረው እንዲህ ነው፦ የጨርቁን ጠርዝ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል እንደ ቀጭን ገመድ ትጠቀልለዋለች፤ ጥቅሉን በላዩ እየዞረች በጣም በተቀራረቡ የሰያፍ ስፌቶች ትይዘዋለች፤ በዚያው ስፌት ውስጥ የዳንቴሉን ጠንካራ ጭረት አብራ ትወስዳለች። በአንገትና በእጅጌ ዙሪያ ሲሆን በዳንቴሉ ጠርዝ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክር ሳብ አድርጋ ዳንቴሉን ትሸበሽበዋለች፤ ያን ጊዜ ሳይጨማደድ ክቡን ይከተላል። መሥመሩ ተጨርሶ ሲታይ ስፌቱ አይለይም፤ ጨርቁ በራሱ ወደ ዳንቴል የተለወጠ ይመስላል።

ይህን ተቆላፊው የቀጥታ ስፌት ሊሠራው አልቻለም። ስለዚህ መኪናው ጎኑን ከሰፋ በኋላ ልብሱ ወደ እጅ ይመለስ ነበር። የፓሪስ ነጋዴዎች በውድ ልብስ ላይ «በእጅ የተሠራ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይመሰክሩ የነበረው ስለዚህ ስፌት ነው። ዳንቴሉ ከካሌ መኪና የወጣ ሊሆን ይችላል፤ የገጠመው ግን እጅ ነው።

ያ እጅ የማን ነበር? በገዳማት የሥራ ክፍሎች ያደጉ ልጃገረዶች፣ የባለ ዝቅተኛ ደመወዝ ሚስቶች፣ ልጅ ያላቸውና ከቤት መውጣት የማይችሉ መበለቶች ነበሩ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቶማስ ሁድ በ1843 ስለ ሸሚዝ ሰፊ ሴት የጻፈው ግጥም አውሮፓን ካስለቀሰ በኋላም ኑሯቸው ብዙ አልተሻሻለም። የፈረንሳይ መንግሥት የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በቤት ውስጥ ስለሚሠራው የውስጥ ልብስ ስፌት ባካሄደው ምርመራ ከ1907 እስከ 1911 ድረስ በአምስት ቅጽ ዘገባ አወጣ። አንድ መንግሥት ስለ ውስጥ ልብስ አምስት ቅጽ የሚያሳትመው ነገሩ ቀልድ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሴቶቹ ይከፈሉ የነበሩት በሰዓት ሳይሆን በቁጥር ነበር፤ መርፌውንና ክሩን፣ መኪና ካላትም የመኪናዋን ዕዳ የምትችለው ሠራተኛዋ ራሷ ነበረች። በሐምሌ 1915 የወጣው ሕግ በልብስ ሥራ በየቤታቸው ለሚሠሩ ሴቶች ዝቅተኛውን የክፍያ መጠን እንዲወስን የተደረገው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። በኒው ዮርክም የውስጥ ልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ገና ልጃገረዶች ሳሉ፣ በ1913 መጀመሪያ ላይ ሥራ አቁመው አደባባይ ወጥተዋል። አሠሪዎቻቸው ይሸጡት የነበረው ዕቃ በዚያ አገር የንግድ ቋንቋ «ነጭ ዕቃ» ይባል ነበር።

ወዲያና ወዲህ የምትወጋው መርፌ

የእጁን የሰያፍ ስፌት መኪና ሊከተለው የቻለው መርፌዋ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም መሄድ ስትችል ነው። አሜሪካዊቷ ሄለን ብላንቻርድ በ1873 የዚግዛግ ስፌት የሚሰፋ መኪና መብት አስመዝግባለች። የሴት ልብስ ችግር በሴት እጅ መፍትሔ ማግኘቱን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። በ1877 የሜሮው ቤተሰብ በኮነቲከት የጨርቅን ጠርዝ በክር የሚሸፍን መኪና መብት ሲያገኝ መኪናውን የጠራው «የኪሮሽ መኪና» ብሎ ነው። ዛሬ ልብስ ሰፊዎቻችን «ኦቨርሎክ» የሚሉት መኪና የዚህ ዘር ነው። በ1893 ደግሞ በስዊዘርላንድ፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ባለችው በሽቴክቦርን፣ ካርል ፍሪድሪኽ ጌጋውፍ ክሩ ተመዝዞ የሚሰፋውን ቀዳዳማ የጠርዝ ጌጥ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። የእጅ ሥራ አዋቂዎች በመኪና አይሠራም ይሉት የነበረው ጌጥ ይህ ነበር። ከዚህ ቤት የወጣው በርኒና የተባለው መኪና በ1938 ዚግዛግን ለቤት ውስጥ ሰፊ አመጣ።

የዚግዛግ መርፌ በዳንቴል ላይ የምትሠራው ከእጁ ሥራ ጋር አንድ ነው። ዳንቴሉ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በጨርቁ ጠርዝ ላይ ይደረባል፤ በረጃጅም ስፌት ይወሰወሳል፤ ከዚያ መርፌዋ በአንዱ ውርወራ የዳንቴሉን ጠንካራ ጭረት፣ በሌላው ውርወራ ጨርቁን እየወጋች ትሄዳለች። ከተሰፋ በኋላ ከዳንቴሉ ሥር የቀረው ጨርቅ በትንሽ መቀስ ስፌቱን ተጠግቶ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ በቀዳዳው በኩል ገላ ይታያል። መርፌዋ ቀጭን መሆን አለባት፤ በመርፌዋ ላይ የሚጻፈው 60 ወይም 70 የሚል ቁጥር ውፍረቷን በሚሊሜትር መቶኛ የሚናገር ነው። ጨርቁ ከመጠን በላይ ስስ ሆኖ ወደ መኪናው ቀዳዳ እየሰመጠ ካስቸገረ ከሥሩ ስስ ወረቀት ተደርጎ አብሮ ይሰፋል፤ በኋላ ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል።

ናይለን በ1938 ለዓለም ከታወቀና በ1958 የሚለጠጠው የላይክራ ጭረት ከተገኘ ወዲህ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። የውስጥ ልብስ ከሰውነት ጋር እየተለጠጠ የሚመለስ ሆነ፤ ቀጥታ የተሰፋ ክር በተለጠጠ ቁጥር ይበጠሳል፤ ዚግዛግ ግን እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። ላስቲክን ከዳንቴል ጋር መስፋትም የሚቻለው በዚሁ ነው፤ ላስቲኩ ጥቂት ተስቦ ይሰፋና ሲለቀቅ ዳንቴሉን ይሸበሽበዋል።

በዚህም «በእጅ የተሠራ» የሚለው ሐረግ ትርጉሙን ሳያስታውቅ ለወጠ። በ1900 ገደማ ትርጉሙ ዳንቴሉ ያለ መኪና ተሰፋ ማለት ነበር። ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም አንዲት ሴት ቤቷ ተቀምጣ ቀድዳ፣ በዚግዛግ መኪናዋ ዳንቴል ገጥማ የጨረሰችው የውስጥ ልብስ በእጅ የተሠራ ይባላል፤ ከፋብሪካ ስላልወጣ፣ አንድ ሰውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሠራው ነው። መኪናው ራሱ የእጅ መሣሪያ ሆኖ ተቆጠረ። ቃላቱ አልተነኩም፤ ከሥራቸው ያለው ነገር ግን ተለውጧል። የድሮ የንግድ መዝገብ የሚተረጉም ሰው ይህን ካላወቀ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል።

የእኛ ግሦች

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ መሠረታዊ ልዩነት እናገኛለን። በሸማ ላይ ያለው ጌጥ የሚሰፋ አይደለም፤ ጥለቱም ሆነ ጥበቡ በዚያው በሸማኔው ድርና ማግ ውስጥ ከልብሱ ጋር አብሮ ይወለዳል። ጥልፍ ሲሆንም በክር በልብሱ ላይ ይሳላል። ለብቻው የተሠራ ጌጥን አምጥቶ ከልብስ ጠርዝ ጋር ማጋጠም የአውሮፓ የልብስ አሰፋፍ ከመኪናው ጋር ያመጣው ልማድ ነው። ስለዚህ አማርኛ ለዚህ ሥራ የተለየ ቃል ሳይኖረው ቢቀር ሊያስደንቀን አይገባም። ሊያስደንቀን የሚገባው ለሥራው ክፍሎች ያሉት ቃላት ምን ያህል የተሟሉ መሆናቸው ነው።

ጨርቅን ለጊዜው በረጃጅም ስፌት መያዝ መወስወስ ነው። ጠርዝን አጥፎ መስፋት መቀምቀም ነው፤ ከዚህም ቅምቅማት እናገኛለን። ጠርዝን በላዩ ዙሪያ በክር እየያዙ መሄድ መዘምዘም ነው፤ ውጤቱ ዝምዝማት ይባላል። ክርን ስቦ ጨርቅን መሰብሰብ መሸብሸብ ነው። በቁራጭ መሸፈን መጣፍ ነው። ስለ መጥለፍ ደግሞ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ጥልፍ ሠሪውም፣ እግር የሚጠልፈውም፣ ልጃገረድ የሚጠልፈውም በአንድ ግሥ ይጠራሉ፤ በሦስቱም ውስጥ በድንገት ይዞ ወደ ራስ መሳብ የሚለው ሐሳብ አለ። ኪሮሽ ክሩን በሜንጦ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ስለ ሆነ «መጥለፊያ» ቢባል ኖሮ ከባዕዱ ቃል ይልቅ ሥራውን በገለጠ ነበር። አሁን ግን ኪሮሽ ሥር ሰዷል፤ ነቅሎ ማውጣቱ አይገባም።

ከላይ ያየነው የፓሪሷ ሰፊ የሰያፍ ስፌት በትክክል መዘምዘም ነው። የዚግዛግ መኪና የሚሠራውም በመኪና መዘምዘም ነው። ይህ ጽሑፍ ዚግዛግ የሚለውን ቃል ከልብስ ሰፊዎች አፍ ለማስጣል አይሻም፤ ዚግዛግ የስፌቱን ቅርጽ ይናገራል፤ መዘምዘም ግን ስፌቱ በጠርዙ ላይ የሚሠራውን ይናገራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። አሳሳቢው ነገር በቅርብ ዓመታት በሚሰጡ የስፌት ሥልጠናዎች ላይ መወስወስ፣ መቀምቀምና መዘምዘም ሦስቱም በአንድ ቃል «መስፋት» እየተባሉ መጠራታቸው ነው። መስፋት ሁሉን ይጠቀልላል፤ ሁሉን የሚጠቀልል ቃል ደግሞ ለሠልጣኟ ምን እንደምታደርግ አይነግራትም። ዳንቴሉን ስፊው የተባለች ልጅ በቀጥታ ስፌት ትሰፋዋለች፤ ልብሱም በሁለተኛው እጥበት ይተረተራል። ዘምዝሚው ብትባል መርፌዋ ወዴት ወዴት መሄድ እንዳለባት ከግሡ ታውቀዋለች።

ስሞቹን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ማቅረብ ይቻላል። በልብስ ጫፍ ላይ የሚገባውን «የጠርዝ ዳንቴል»፣ በሁለት ጨርቆች መካከል ገብቶ ሁለቱን የሚያገናኘውን «ጣልቃ ዳንቴል»፣ በሜትር የሚሸጠውን ሰፊ ጨርቅ «የዳንቴል ጨርቅ» ማለት ይበቃል። ጣልቃ የሚለው ቃል ለሁለተኛው ዓይነት የተሠራ ያህል ይስማማል፤ ፈረንሳዮችም «በሁለት መካከል» የሚል ስም ነው የሰጡት። የኪሮሹን ሥራ ከእነዚህ ለመለየት «የኪሮሽ ዳንቴል» ማለት በንግግር ከወዲሁ ያለ ነው። ለማስጌጫው ሁሉ የወል ስም ካስፈለገ ጥብጣብ አይሆንም፤ ጥብጣብ ሪባንን እንጂ ዳንቴልንና ጥልፍን አይጨምርም። «የጠርዝ ማስጌጫ» ረዘም ያለ ቢሆንም ያለው ይህ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች የሸማኔ ጥለት ከሸማው ተለይቶ ለብቻው እየተሸመነ፣ በመኪና በቀሚስ ጫፍና በእጅጌ ላይ ሲሰፋ እናያለን። ጥለት ከልብሱ ጋር የሚወለድ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዳንቴል በሜትር የሚለካ፣ የሚገጠም ጌጥ ሆኗል። የጥለት ፍች በመዝገበ ቃላት ላይ እስካሁን በሸማው ጠርዝ አብሮ የተሸመነ ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛ ፍች ሊታከልበት ይገባል፤ በዚያም ፍች ሥር ከጥለት ጋር የሚሄደው ግሥ «ሸመነ» ሳይሆን «ዘመዘመ» ወይም «ገጠመ» ነው።